ጥቁር ቀበቶና የአዳራሽ ኪራይ

ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው፡፡ ልደታ ምድብ ችሎት የዋለ ባለጉዳይ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ታክሲ ተራ ያዘግማል፡፡ እኔም ከነዚያው ባለጉዳዮች አንዱ ሆኜ በእግሬ ስሄድ፣ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በተከፈተ መስኮት የሕፃናት ድምፅ በአንድነት ይሰማል፡፡ “ሃና! ዱል! ሴት! ኔት!” በአጠገቤ ያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆም አሉና፣ “ኧረ ልጄ፣ እነዚህ ሕፃናት የምን ሴት ነው የሚጠሩት?” ብለው ጠየቁኝ፡፡ በኮሪያኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ መቁጠራቸው እንደሆነ ነገርኳቸው፡፡ “ታዲያ በአማርኛ ቢቆጥሩት አይመታላቸውም?” ብለው ሳቁ፡፡ ከዚያም መንገዳቸውን እየቀጠሉ፣ “ይሁን፣ ከመንገድ ይሻላል” አሉ፡፡

“ከመንገድ ይሻላል” የምትለዋ አነጋገር የአዛውንቱ ብቻ አይደለችም፡፡ ብዙዎቻችን ልጃችንን ቴኳንዶ፣ ካራቴ ወይም ውሹ የምናስመዘግበው በዚችው ምክንያት ነው፡፡ ትምህርት ቤቱ ልጁን ከለቀቀበት ሰዓት እኛ ከሥራ እስከምንመለስበት ሰዓት ድረስ አንድ ሰው ሰብሰብ አድርጎ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፡፡ ያ ሰው ማን ነው? ልጁን የት ነው የሚያሠለጥነው? በምን ገቢ? ልጁ ቢጎዳ የሚጠየቀው ማን ነው? ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን፡፡ ሕግ ተምሬያለሁ የሚለው ይህ ጸሐፊም ነገሩ የገዛ ቤተሰቡን በር እስኪያንኳኳ ድረስ አልጠየቀም፡፡

የተሰበረው ክንድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፡፡ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ የነበረው የታናሽ እህቴ ልጅ ልደታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቴኳንዶ ት/ቤት ይሠለጥን ነበር፡፡ (የት/ቤቱ ስም ለዚህ ጽሑፍ ስለማያስፈልግ ይቅር፡፡) አንድ ሐሙስ ምሽት ስልክ ተደወለልኝ፡፡ ልጁ በአራት ዓመት ከሚበልጠው ልጅ ጋር ሲጋጠም የግራ ክንዱ ተሰብሯል፡፡ ሐኪም ቤት ስደርስ አሠልጣኙ በነጭ የሥልጠና ልብሱ ላይ ጃኬት ደርቦ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፡፡ ልጁን ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው፡፡ እህቴ እንባዋን እየጠረገች፣ “ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው አይደለህ? ዝም ልትል ነው? ክሰሰው እንጂ!” አለችኝ፡፡

አሠልጣኙን ወደ ጎን ወስጄ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅኩት፡፡ “ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፡፡ በዚያች ደቂቃ እኔ በር ላይ ነበርኩ” አለኝ፡፡ አንዲት እናት የወር ክፍያ ይዘው መጥተው ደረሰኝ እየጻፈላቸው ነበር፡፡ ልጆቹ የእሱን ጀርባ ሲያዩ በራሳቸው ፈቃድ ተጣምረው መጋጠም ጀመሩ፡፡ ትልቁ ልጅ አልጠላውም፣ አልተናደደበትም፤ እንደተማረው ረገጠ፡፡ ትንሹ ደግሞ እንደተማረው በክንዱ ከለከለ፡፡ የክንድ መከላከያ ግን አላደረገም፡፡

“ደረሰኝ የሚጽፍልህ ሰው ለምን አትቀጥርም?” አልኩት፡፡

“የአዳራሹ ኪራይ ነዋ ጋሼ!” አለኝ፡፡

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ የዚህች አጭር መልስ ማብራሪያ ነው ማለት ይቻላል፡፡

አንድ ሰው፣ አምስት ሥራ

“ማስተር” እያልን የምንጠራው ሰው ሥራው መርገጥና ማስረገጥ ብቻ ይመስለናል፡፡ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ይህ ጸሐፊ ወደዚያ አዳራሽ ደጋግሞ መመላለሱ አልቀረም፡፡ ያየውንም እንደሚከተለው ያቀርባል፡፡

ሰውየው ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ አዳራሹን ይከፍታል፤ ከሥራ በፊት የሚሠለጥኑ አዋቂዎች አሉትና፡፡ እነሱ ከሄዱ በኋላ መጥረጊያና መወልወያ ያነሳል፡፡ ይህ ለጌጥ አይደለም፡፡ በባዶ እግር የሚረገጥና ላብ የሚጠጣ ምንጣፍ በየቀኑ ካልጸዳ ጭርትና ሌላም የቆዳ በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ ያሻግራል፡፡ ከረፋዱ ጀምሮ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይጠብቀዋል፡፡ ፈቃድ ማሳደስ አለ፤ ግብር አለ፤ ወረዳው የሚጠይቀው ደብዳቤ አለ፤ ለስፖርት ማኅበሩና ለፌዴሬሽኑ የሚላክ የስም ዝርዝር አለ፡፡ ከሰዓት በኋላ ሕፃናቱ ይመጣሉ፤ ምሽት ላይ ወጣቶቹ፡፡ ቅዳሜና እሑድ ሌላው ሰው ሲያርፍ እሱ ሙሉ ቀን ይሠራል፡፡ በመሐሉ ጎረቤት “ጣሪያው በላያችን ሊወድቅ ነው” ብሎ ይመጣል፡፡ አንድ አባት ደግሞ “ልጄ ለምን ከጓደኞቹ ቀረ? ለምን ቢጫ ቀበቶ ላይ ቆመ?” ብሎ ይከራከራል፡፡ አሠልጣኝ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ፣ አስታራቂ፤ ሁሉም አንድ ሰው ነው፡፡

የቀበቶው ነገር ሲነሳ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም፡፡ በእጅ ፍልሚያ ስፖርት የደረጃ ቀበቶን ያስለመዱት ጃፓናዊው የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ናቸው፡፡ ኮዶካን የተባለውን ት/ቤታቸውን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፡፡ ጥቁሩ ቀበቶ ያን ጊዜ የጀግንነት ምልክት አልነበረም፡፡ ይህ ሰው መሠረታዊውን ትምህርት ጨርሷል፣ አሁን በቁም ነገር ሊማር ይችላል የሚል ማስረጃ ነበር፡፡ በቴኳንዶ ነጩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ በየተራ የሚመጡት በዚሁ መንፈስ ነው፡፡ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቀበቶ ፈተና አለው፤ እያንዳንዱ ፈተናም ክፍያ አለው፡፡ እዚህ ላይ ነው የባለ ት/ቤቱ ሕሊና የሚፈተነው፡፡ ያልደረሰን ልጅ “ገና ነህ” ብሎ የሚመልስ አሠልጣኝ የፈተናውን ክፍያ ያጣል፤ ምናልባትም ልጁን ራሱን ያጣል፡፡ “ደርሰሃል” ብሎ የሚያሳልፍ አሠልጣኝ ደግሞ ኪራዩን ይከፍላል፡፡ ቀበቶ የሚሸጥ ት/ቤት የሚፈጠረው አሠልጣኙ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የወሩ መጨረሻ ስለደረሰ ነው፡፡

ወላጅ ደግሞ የሚገዛውን አያውቅም፡፡ ቴኳንዶ በዓለም ላይ ሁለት ትልልቅ ቤቶች አሉት፡፡ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን ነው፡፡ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሥርቶ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ነው፡፡ ከሲድኒ 2000 ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው የሁለተኛው ነው፡፡ ሰሎሞን ቱፋ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ የቀረበውም በዚሁ ሕግ ነበር፡፡ ሁለቱም ቤቶች በአገራችን ብዙ ተማሪ አላቸው፤ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፡፡ ግን የውድድር ሕጋቸውም ሆነ የምስክር ወረቀታቸው የተለያየ ነው፡፡ ልጁን ለኦሊምፒክ የሚያልም ወላጅ በየትኛው በር እንደገባ መጠየቅ ይኖርበታል፡፡ ይህንንም በር ላይ ቆሞ የሚያስረዳው ያው አንዱ ሰው ነው!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

ለምሳሌ ያህል እንበል፡፡ (ቁጥሮቹ ሒሳቡን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ት/ቤት አይደሉም፡፡) 60 ልጆች ተመዝግበው እያንዳንዳቸው በወር 1,000 ብር ቢከፍሉ 60,000 ብር ይሆናል፡፡ ከ60ው 10ሩ አይከፍሉም፡፡ አንዱ አባቱ ሞቶበታል፤ ሌላዋ እናቷ ጉሊት ነው የምትውለው፤ ሦስተኛው ደግሞ ጎበዝ ስለሆነ ማስተሩ ራሱ እንዲቀር አይፈልግም፡፡ ስለዚህ 50,000 ብር ይገባል፡፡ ከዚህ ላይ 35,000 ብር ለአዳራሽ ኪራይ ቢወጣ የሚቀረው 15,000 ብር ነው፡፡ መብራት፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ ግብር፣ የተቀደደ የመርገጫ ትራስ፣ ከውጭ የሚመጣ የራስና የደረት መከላከያ፣ ሁሉም ከዚያችው ነው፡፡ የአሠልጣኙ የራሱ ቤት ኪራይና ቀለብም ከዚያችው!

በዚያ ላይ ገቢው እንደ ወንዝ ነው፤ በክረምት ይሞላል፣ በመስከረም ይጎድላል፡፡ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወላጅ ሁሉ ልጁን ይዞ ይመጣል፡፡ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተር፣ ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀድማል፡፡ ኪራዩ ግን ክረምት በጋ አያውቅም፡፡

አሁን ሰንሰለቱን አንባቢ ራሱ ሊያያይዘው ይችላል፡፡ ኪራዩ የረዳት አሠልጣኙን ደመወዝ ይበላል፡፡ ረዳት ስለሌለ ማስተሩ ደረሰኝ ለመጻፍ ወደ በሩ ይሄዳል፡፡ ማስተሩ በሩ ላይ ሲሆን ልጆቹ ብቻቸውን ይቀራሉ፡፡ የእህቴ ልጅ ክንድ የተሰበረው በርግጫ ቢሆንም፣ መነሻው ርግጫው አልነበረም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

ወደ እህቴ ጥያቄ ልመለስ፡፡ “ክሰሰው” ብላኛለች፡፡ እንክሰስ ብንል ማንን ነው የምንከሰው?

የረገጠውን ልጅ ነው እንዳንል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2068 ስለ ስፖርት የተለየ ድንጋጌ አለው፡፡ አንድ ሰው ስፖርት ሲሠራ አብሮት የሚሠራውን ወይም የሚመለከተውን ሰው ቢጎዳ፣ ማታለል ወይም የጨዋታውን ሕግ በከባድ ሁኔታ መጣስ ካልነበረ በቀር አይጠየቅም፡፡ ድንጋጌው ጥበብ አለው፡፡ ባይኖር ኖሮ ስታዲየም የሚገባ ሁሉ ጠበቃ ይዞ መግባት ነበረበት፡፡ የ13 ዓመቱ ልጅ እንደተማረው ስለረገጠ ከተጠያቂነት ነፃ ነው፡፡

አሠልጣኙስ? እሱ ተጫዋች አይደለም፤ የጨዋታው ጠባቂ ነው፡፡ ስለዚህ አንቀጽ 2068 ለሱ መጠለያ የሚሆነው አይመስለኝም፡፡ እሱን የሚያገኘው አንቀጽ 2028 ነው፡፡ ይኸውም በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ይካስ የሚለው አጠቃላይ ደንብ ነው፡፡ እኩያ ያልሆኑ ልጆች ያለ መከላከያ ሲጋጠሙ አለማየት ጥፋት ነው ወይ? በኔ አስተያየት አዎ፣ ነው፡፡ በተጨማሪም ሕጉ በአንቀጽ 2124 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ተጠያቂ ካደረገ በኋላ፣ በተከታዩ አንቀጽ ልጁ በአደራ የተሰጣቸው ሌሎች በአባት ምትክ የሚጠየቁበትን ሁኔታ ይዘረዝራል፡፡ የቴኳንዶ አዳራሽ በዚህ ረገድ ከመደበኛ ትምህርት ቤት ጋር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው የሚያከራክር ነው፡፡ አደራው ግን አያከራክርም፡፡ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ልጁ በማን እጅ ነው ቢባል መልሱ አንድ ነው፡፡

አደራውን የሚመለከት ሌላም አለ፡፡ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሌሎች ኃላፊነት ባለባቸው ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፡፡ “ዲሲፕሊን ነው” እየተባለ በዱላ የሚመታ፣ ወይም እስኪያስመልሰው ድረስ ቁጢጥ እንዲል የሚገደድ ልጅ ካለ፣ ያ ዲሲፕሊን ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው፡፡ እኛ ወላጆችም “ቅጣው፣ አጥንቱን ብቻ መልስልኝ” ማለታችንን ብንተው ይበጃል፡፡

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 እና 79 ስለ ሕጋዊ መከላከል የደነገገው ደግሞ በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደስ ባለኝ፡፡ ጥቃቱ ሕገወጥና አሁን የሚደርስ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፡፡ መሸሽ የሚቻል ከሆነ መርገጥ ምን አመጣው? ጥሩ አሠልጣኝ ይህንኑ ሕግ ሳያነብ በየቀኑ ያስተምረዋል፡፡ “በመጀመሪያ ሽሽ፣ ቀጥሎ ከልክል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ምታ፤ ከመታህም አቁም” ይላል፡፡ ልደታ ምድብ ችሎት ስለ አካል ጉዳት የሚቀርቡ ክሶችን የሚከታተል ሰው፣ ይህችን ትምህርት በልጅነቱ ባለማግኘቱ ስንቱ ወጣት ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ እንደቆመ ለመገመት አይቸገርም፡፡

እንግዲህ እህቴ መክሰስ ትችል ነበር ማለት ነው፤ ምናልባትም ትረታ ነበር፡፡ እኔም ይህንኑ ነገርኳት፡፡ “ከረታንስ በኋላ?” ብላ ጠየቀችኝ፡፡ ከረታን በኋላ ሰውየው ያለው ሀብት ምንጣፍና የመርገጫ ትራስ ነው፤ አዳራሹ ይዘጋል፤ 60 ልጆችም ወደ መንገድ ይመለሳሉ፡፡ የሷን ልጅ ጨምሮ፡፡ ትንሽ አሰበችና፣ “እንግዲያው እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር ጻፍ” አለችኝ፡፡ አንድ ገጽ ጻፍኩ፡፡ ማስተሩ ወለሉ ላይ በሌለበት ጊዜ ግጥሚያ የለም፡፡ በዕድሜና በክብደት ያልተመጣጠነ ግጥሚያ የለም፡፡ ያለ መከላከያ ግጥሚያ የለም፡፡ ክፍያ የሚሰበሰበው ከሥልጠና ሰዓት ውጪ ብቻ ነው፡፡ ለእያንዳንዱ ጉዳት፣ ትንሽም ቢሆን፣ በመዝገብ ይጻፋል፡፡ አሠልጣኙ ፈረመ፤ የሕክምናውን ወጪም በሦስት ወር ከፍሎ ጨረሰ፡፡ ልጁ ክንዱ ሲድን ተመለሰ፡፡ ወረቀቷም በአዳራሹ መግቢያ ላይ ተለጠፈች፡፡

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፡፡

ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ

ከዓመት በኋላ ማስተሩ ደወለልኝ፡፡ “ጋሼ፣ ባለ ሕንፃው ልቀቅ ብሎኛል፡፡ ሕጉ ምን ይለኛል?” አለኝ፡፡ ሕጉ ብዙ አይለውም፡፡ የተከራየው በቃል ነው፤ ጊዜውም አልተወሰነም፡፡ ጊዜ ያልተወሰነለት ኪራይ በማስጠንቀቂያ ይቋረጣል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይን ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚጠብቅ ነው፤ ግን ለመኖሪያ ቤት ብቻ፡፡ የቴኳንዶ አዳራሽ መኖሪያ አይደለም፡፡ በሕጉ ዓይን ያ አዳራሽ ከቡቲክና ከሞባይል መሸጫ አይለይም፡፡ ባለ ሕንፃውን አልፈርድበትም፤ የተሻለ የሚከፍል ተከራይ አግኝቷል፡፡

የልደታ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም፡፡ ይህ ጸሐፊ ልጅ በነበረበት በ1970ዎቹ የሠፈር ካራቴ የሚሠራው በቀበሌ አዳራሽ ነበር፡፡ ቀን ስብሰባ የተሰበሰበበት አግዳሚ ወንበር ማታ ወደ ግድግዳ ይገፋና፣ የብሩስ ሊን ፊልም አይተን የመጣን ልጆች በባዶ እግራችን ሲሚንቶ ላይ እንንደፋደፍ ነበር፡፡ አሠልጣኛችን ራሱ ምን ያህል እንደሚያውቅ ዛሬም አላውቅም፡፡ ኪራይ ግን አይከፍልም ነበር! ያ ሥርዓት በሌላ ነገሩ የሚናፈቅ አይደለም፤ አዳራሹ ግን ነበረ፡፡ በኋላ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት አሮጌው ልደታ በመልሶ ማልማት ፈረሰ፡፡ የጭቃ ቤቶቹ ሄደው ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንፃዎች ቆሙ፡፡ ብዙ ሰው የተሻለ ቤት አገኘ፤ ይህ መካድ የለበትም፡፡ ነገር ግን ከጭቃ ቤቱ ጋር የሠፈሩ ልጆች የሚሰበሰቡባቸው ቦታዎችም አብረው ሄዱ፤ በምትካቸው የቆመው ካሬ ሜትሩ በብር የሚለካ ፎቅ ነው፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የተስፋፋው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የልጆች መጫወቻ ሜዳዎችን አምጥቷል፡፡ ይበል የሚያሰኝ ነው፡፡ የሜዳ ኳስ በሜዳ ይሠራል፤ በእጅ ፍልሚያ የሚሠለጥን ልጅ ግን ጣሪያ፣ ለስላሳ ወለልና የሚቆለፍ በር ያስፈልገዋል፡፡

ስለ ካሳም አንድ ነገር ልበል፡፡ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅ ይዞታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ቢሆንም፣ አንድ ትልቅ ሐሳብ ወደ ሕጋችን አስገብቷል፡፡ ሰው ከሠፈሩ ሲነሳ የሚያጣው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ማኅበራዊ ትስስሩም ስለሆነ፣ ለዚህም ካሳ ይገባዋል የሚል ነው፡፡ በጣም ትክክል! ነገር ግን ካሳ በመሠረቱ የባለይዞታ ነው፡፡ ከግለሰብ ላይ አዳራሽ ተከራይቶ 60 ልጆችን ያስተሳሰረ ሰው ባለይዞታ አይደለም፡፡ ማኅበራዊ ትስስር ብለን በሕግ የጻፍነውን ነገር በየቀኑ በእጁ የሚሠራው ሰው፣ ትስስሩ ሲበጠስ ከመዝገብ ላይ የለም ማለት ነው፡፡

የኛ ማስተር ራቅ ያለ አዳራሽ አግኝቶ ተዛወረ፡፡ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ አልተከተሉትም፡፡ የ9 ዓመት ልጅ ሁለት ታክሲ ይዞ ቴኳንዶ አይሄድም፡፡ በሒሳቡ ምሳሌ ካየነው፣ ግማሽ ተማሪ ማለት ኪራይ እንኳ የማይሞላ ገቢ ነው፡፡ እና ሰውየው እንደገና በር ላይ ቆሞ ደረሰኝ የሚጽፍ፣ ወለሉን የሚጠርግ፣ በአንድ ዓይኑ ልጆቹን የሚያይ ብቸኛ ሰው ሆነ፡፡ ወረቀቷ አዲሱ አዳራሽ መግቢያ ላይ ተለጥፋለች፡፡ ወረቀት ግን ልጅ አይጠብቅም፡፡

“ድብድብ ነው የሚያስተምሩት”

ይህን ስጽፍ የሚነሱብኝን ሁለት ተቃውሞዎች አውቃለሁ፡፡ የመጀመሪያው፣ “እነዚህ ቤቶች ድብድብ ነው የሚያስተምሩት፤ ይብዙ እንዴ?” የሚል ነው፡፡ ሥጋቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፡፡ ጉልበቱን በሰው ላይ የሚሞክር ሠልጣኝ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለውን ተማሪ የማያባርር አሠልጣኝም እንደዚያው፡፡ ግን ፈቃድ፣ ደረጃና ክትትል የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፡፡ የታወቀው አዳራሽ ቢዘጋ ልጁ መማሩን አያቆምም፤ ማንም በማያየው ጓሮ፣ ከማንም ይማራል፡፡

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ “የግል ንግድ ነው፤ ካላዋጣው ይዝጋ” የሚል ነው፡፡ ይህም ከባድ ነጥብ ነው፡፡ መንግሥት የሁሉንም ነጋዴ ኪራይ ሊከፍል አይችልም፤ እንዲከፍልም አልጠየቅኩም፡፡ ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት በመኖሪያ፣ በትምህርትና በሥራ ቦታ ሕዝብን ያሳተፈ እንዲሆን አስቦ ነበር፡፡ ይህን ሐሳብ በሠፈር ደረጃ ከሚሠሩት መካከል እነዚህ አሠልጣኞች ግንባር ቀደም ናቸው፡፡ ከ60 ልጅ 10ሩን በነፃ የሚያስተምር ሰው የግል ነጋዴ ብቻ ነው? በሕዝብ ጥቅም ስም የምንፈልገውን ሥራ እየሠራልን፣ ግዴታውን የሕዝብ፣ ችግሩን የግል ካደረግንበት ሚዛኑ ተዛብቷል፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ?

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል፡፡ የሚከተሉት አራት ሐሳቦች ብዙ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም፡፡

አንደኛ፣ የሕዝብ አዳራሾች በሰዓት ይከራዩ፡፡ በየወረዳው ያሉ አዳራሾች፣ የወጣት ማዕከላትና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሰፋፊ ክፍሎች ከ10 ሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፈው ያመሻሉ፡፡ በመጠነኛ ዋጋ፣ በጽሑፍ ውል፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ቢሰጡ አዳራሹም ይጠበቃል፤ አሠልጣኙም ለረዳት የሚከፍለው ይተርፈዋል፡፡ ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፡፡ በቃል የተሰጠ አዳራሽ አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ይነጠቃል፡፡

ሁለተኛ፣ ዕድሉን የሚያገኘው ዝቅተኛ መመዘኛ ያሟላ ብቻ ይሁን፡፡ ከየትኛው ፌዴሬሽን የተሰጠ ስንተኛ ዳን እንዳለው በግልጽ ይለጥፍ፡፡ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይማር፡፡ የጉዳት መዝገብ ይያዝ፡፡ ወለሉ ላይ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር፡፡ የሴት ልጆች ሥልጠና ካለ ሴት ረዳት ትኑር፡፡ አካላዊ ቅጣት ፈቃድ የሚያሰርዝ ጥፋት ይሁን፡፡

ሦስተኛ፣ የቡድን የአደጋ መድን ይግባ፡፡ አንድ ት/ቤት ብቻውን ቢከብደው በክፍለ ከተማ ደረጃ በስፖርት ማኅበሩ በኩል ተሰባስበው ሊገቡ ይችላሉ፡፡ ያን ጊዜ የልጅ ክንድ ቢሰበር እናት “ልክሰስ ወይስ ልተው?” ከሚል ጭንቅ፣ አሠልጣኙም ዕዳውን በሦስት ወር ከመክፈል ይድናሉ፡፡

አራተኛ፣ ሠፈር ሲፈርስ ወይም ሲለማ በቆጠራው ላይ ባለቤትና ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ልጆች የሚሰበሰቡባቸው ቦታዎችም ይመዝገቡ፡፡ ካሳ ይሰጣቸው አላልኩም፡፡ ነዋሪው በሚዛወርበት ሠፈር ወይም በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ለተወሰነ ጊዜ የሚሠሩበት ቦታ ይታሰብላቸው ነው የምለው፡፡

እኛ ወላጆችም ድርሻ አለን፡፡ ልጃችንን ከማስመዝገባችን በፊት አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን ሥልጠናውን እንመልከት፡፡ ማስተሩ በር ላይ ሲቆም ወለሉን የሚያየው ማን እንደሆነ እንጠይቅ፡፡ “ገና ነህ” የተባለ ልጃችንን ይዘን ቀበቶ ወደሚሸጥበት አንሂድ፡፡ ክፍያችንንም በሥልጠና ሰዓት መሐል ይዘን አንምጣ፡፡ ይህችኛዋ ምንም ወጪ የላትም፤ የአንድ ልጅ ክንድ ግን ልታድን ትችላለች፡፡

ባለፈው ሰሞን ወደ አዲሱ አዳራሽ ሄጄ ነበር፡፡ የእህቴ ልጅ ዛሬ አድጓል፤ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፡፡ በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ገባ፡፡ ማስተሩ ከኔ ጋር ሲያወራ አንዲት እናት ብር ይዘው ብቅ አሉ፡፡ ሰውየው ወደ በሩ ሊሄድ ሲል ቆመና፣ ወደ እህቴ ልጅ ዞሮ፣ “ወለሉን ያዝልኝ” አለው፡፡ ልጁ ከትንንሾቹ ፊት ቆመ፡፡ በሁለቱም ክንዱ፡፡ መጋጠም የጀመሩትንም ሁለት ሕፃናት በእጁ ምልክት አስቆማቸው፡፡

ደመወዝ የማይከፈለው ረዳት ተገኝቷል፡፡ ግን እሱም የ12ኛ ክፍል ፈተና አለበት፡፡ ከዚያ በኋላስ ወለሉን ማን ይይዛል?

ቸር እንሰንብት፡፡